በቁሜ የተነፋብኝ ጥሩምባ

የምስክር ቃል

ስም፦ ሰይፈሚካኤል ወንድምአገኘሁ
ዕድሜ፦ 76
አድራሻ፦ ሐዋሳ ከተማ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ
ሥራ፦ ግንበኛ የነበረ፣ በዕድሜ ምክንያት ያቆመ
የትምህርት ደረጃ፦ በራሱ የተማረ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም እኔ በቁሜ እያለሁ የሞቴን ጥሩምባ በሰፈሬ ነፉብኝ። በዚያ ጥሩምባ ምክንያት ባለቤቴ ወ/ሮ ሸዋዬ ተሰማ ሞተች። መርማሪው ቃሌን መጻፍ ሲጀምር "በሰርግ ዝግጅት ላይ በተፈጠረ አለመግባባት" ብሎ ነበር። አለመግባባት የሚባል ነገር አልነበረም። አሰርዤ እኔ እንዳልኩት አስጽፌዋለሁ።

እኔ የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ክፍያ ሊመድቡልኝ ሲሉ አልተቀበልኩም፤ በበጎ ፈቃድ ነው የምሠራው። ከዕድሩ ሰው ሲሞት ጥሩምባውን ይዤ በየመንገዱ እዞራለሁ፤ በየማዕዘኑ ቆሜ እነፋለሁ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ እናገራለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥሩምባውን ከእኔ ሌላ የነፋው ሰው የለም። ታምሜ በተኛሁበት ወቅት እንኳን ዕድሩ ቤት ለቤት መልእክተኛ ላከ እንጂ ጥሩምባውን ለሌላ አልሰጠም። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አልተጻፈም። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው የእኔን አነፋፍ በእንቅልፍ ልቡ ይለያል። ጥሩምባው በሌላ ሰው እጅ ከተነፋ ነፊው ራሱ ሞቷል ማለት ነው፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። ባለቤቴ "ያንተስ ሞት መርዶ ነጋሪ አይፈልግም" እያለች ትቀልድበት ነበር።

ተጠርጣሪዋን ሩሀማን ካወቅኋት ሁለት ዓመት ይሆናል። ፒያሳ ቢሮ ከፍታ ሰርግና ልዩ ልዩ ዝግጅት የምታሰናዳ ልጅ ናት። አቅም ላለው በክፍያ ትሠራለች። በተረፈ ጊዜዋ ወጣቶችን ሰብስባ አቅም የሌላቸውን ጥንዶች በነፃ ትድራለች። በየሰርጉ አዲስ ሐሳብ ታመጣለች። ዓሣ የሚሸጡ ልጆችን ስትድር ሙሽራይቱን በአጥማጆች ጀልባ በሐይቁ ላይ አምጥታታለች። የሙሽራይቱ እናት ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ ደግሞ ሰርጉን እንዳለ አንስታ እናትየው በተኛችበት መስኮት ሥር አድርጋዋለች፤ እናትየው በመስኮት ሆና መርቃለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን መልካም ነገር አልክድም። ከዕድሩ አስፈቅጄ ድንኳንና ወንበር ያዋስኳት እኔ ነኝ። ድንኳኑን ራሴ ተክዬላታለሁ።

ባለፈው መጋቢት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ድንኳን ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። ባለቤቴ ቆሎ አቀረበችላት። ሩሀማ "ጋሼ፣ እርስዎ ሰዉን ሁሉ ሲድሩ ኖረዋል። የእርስዎ ሰርግ ግን እንዴት ነበር?" አለችኝ።

እኔ ሳልመልስ ባለቤቴ ቀደመችኝ። "የምን ሰርግ? እኔን በጋሪ ነው ያመጣኝ፤ ያውም ከሲሚንቶ ጋር። ሲሚንቶው ሸራ ለብሷል፤ እኔ ዝናብ ላይ ነኝ።"

"ሲሚንቶ ዝናብ ካገኘው ድንጋይ ይሆናላ" አልኩ።

"እኔን ሲያገኘኝ ምን ሆንኩ?"

"ምላስ ሆንሽ።"

ሩሀማ እየሳቀች "እማማ፣ አሁን ቬሎ ቢመጣልዎት ይለብሱታል?" አለቻት። ባለቤቴ "እኔ ብለብሰው ቬሎው ያፍራል" አለች። ይህን ስትል ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሩሀማም አይታዋለች።

ስሸኛት በር ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። የጥሪ ካርድ ሰው አያነበውም። ለአንዱ ሰርግ በጥሩምባ ብንጠራስ? ሰፈሩ እኮ ግልብጥ ብሎ ነው የሚወጣልን።"

"ለሰርግ አይነፋም" አልኳት።

"ለበጎ ሥራ ቢሆንም?"

"አይነፋም።"

"እሺ ጋሼ፣ አይቆጡኝ" ብላ ሄደች።

መርማሪው "የማይነፋበትን ምክንያት ነግረዋት ነበር ወይ?" ብሎ ጠይቆኛል። አልነገርኳትም። አይነፋም ብያታለሁ። አይሆንም የተባለ ነገር ምክንያቱ እስኪነገር ድረስ የተፈቀደ ነው የሚል ሰው ካለ በእኔ ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ቅዳሜ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ማቴዎስ በባጃጅ መጣ። ማቴዎስ ከሌላ ሰፈር ወደ እኛ ከተዛወረ ገና ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። "ጋሼ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ድንኳን ሊተከል ነው፤ መሬቱን አይተው ይምረጡልን" አለኝ። ባለቤቴ "ቶሎ መልሰው፤ ምሳውን አልበላም" አለችው። ከአንደበቷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ማቴዎስ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን አልተናገረም። መንገድ ላይ ስልክ ሲደወልለት ባጃጁን አስቁሞ እየራቀ ያወራል፤ ሲመለስ እኔን እያየ ይስቃል። ምን እንዳሳቀው አልጠየቅሁትም። ጉዱማሌ ስንደርስ ሜዳው ባዶ ነው። ገመድ የለም፤ ካስማ የለም፤ ሰው የለም። "ድንኳኑ የታለ?" ስለው "ይመጣል" አለኝ። ከዋርካው ሥር ቆመን ቆየን። ከዚያ ከባጃጁ ውስጥ ሻንጣ አወጣ። በሻንጣው ውስጥ ጥቁር ሙሉ ልብስ ነበር።

"ማን ሞተ?" አልኩት። ጥቁር ልብስ የምለብሰው ለቀብር ነው።

"ማንም አልሞተም ጋሼ። ዛሬ ሙሽራው እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው። ሩሀማና የምትሰበስባቸው ወጣቶች ለሰፈሩ ላገለገልኩበት ምስጋና ይሆነኝ ዘንድ እኔንና ባለቤቴን በድንገት ሊድሩን ነው። ድንኳኑ እኔን ከሰፈር ካወጡኝ በኋላ በዕድሩ ግቢ ተተክሏል። ቬሎ ተዘጋጅቷል። እንደ ድሮው እንዲሆን ብለው ጋሪ አስጊጠዋል። ባለቤቴን አንዲት ልጅ መጥታ ወደ ፀጉር ቤት ትወስዳታለች። ምስጢሩ እንዳይወጣ የሰፈሩ ሰው ቀድሞ አልተነገረውም።

"ታዲያ ሰዉን በምን ጠራችሁት?" አልኩት።

"በጥሩምባ ነዋ። ከዕቃ ቤት አውጥቼ ሰጠኋቸው። አሁን እየተነፋ ነው። ኤልናታን የሚባል ልጅ ነው የሚነፋው፤ ማርሽ ባንድ ውስጥ የነበረ ነው፤ አንደኛ ነፊ ነው።"

"ደውል፤ አስቁመው" አልኩት። የፊቴን ሁኔታ ሲያይ ሳቁን አቆመ። ደወለ። የኤልናታን ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። የሩሀማም ይጠራል፤ አይነሳም። እኔ ወደ ባለቤቴ ደወልኩ። ጠራ፤ ጠራ፤ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። ልብሱን መሬት ላይ ጥለነው በባጃጁ ተመለስን።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጋሪው ቆሞ አገኘነው። ፈረሱ አንገቱ ላይ አበባ ታስሮለታል፤ ጋሪው ላይ አዲስ ሸራ ተወጥሯል። ባለጋሪው "ሙሽራው መጡ" ብሎ ወረደ። አልፌው ሄድኩ። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቤቴ አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንዷ ዞር ስትል አየችኝ፤ ጮኸችና ባለችበት ተቀመጠች። ሌሎቹ ከመንገዱ ወደ ዳር ሸሹኝ። የሰፈራችን ባለሱቅ አቶ ጠሀ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን እንደያዘ ከፊቴ ደረሰ። ቆመና እጄን ያዘ። ጨብጦ አልለቀቀኝም።

"ማን ሞተ ጠሀ?" አልኩት።

"እርስዎ" አለኝ።

"ሸዋዬስ?"

እጄን አጠበቀው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን በዓይኔ አላየሁም፤ ጎረቤቴ ወ/ሮ ዕፀገነት የነገረችኝ ነው። ወደ ፀጉር ቤት ልትወስዳት የመጣችውን ልጅ ባለቤቴ "ልብሴን አጥቤ ልጨርስ" ብላ መልሳታለች። ጥሩምባው ሲነፋ ልብሱን እንደያዘች ቀና ብላ አዳመጠች። መጀመሪያ "ይሄ የሱ አነፋፍ አይደለም" አለች። ቆየት ብላ "ማነው የያዘበት?" አለች። ዕፀገነት "ስም እስኪጠራ ጠብቂ" አለቻት። ስም አልተጠራም፤ ልጁ ዝም ብሎ ይነፋል። ባለቤቴ "ስም ምን ያደርጋል? ምሳውን እንኳን አልበላም" ብላ በባዶ እግሯ ወጥታ ሮጠች። ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን የውኃ መውረጃ ስትሻገር ወደቀች፤ ጭንቅላቷ የድንጋዩን ጠርዝ መታው።

እኔ ስደርስ ሰው ከቧታል። ሩሀማ ቬሎውን በሁለት እጇ እንደታቀፈች ከሰዉ መሀል ቆማ ነበር። "ጋሼ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው" አለችኝ። ባለቤቴን በዚያው ባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። አልነቃችም። እሑድ ጠዋት አረፈች። በሕይወት መኖሬን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ሐኪሞቹ ስለ ጉዳቱ የጻፉት ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው የለም።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጥሩምባውን ከማቴዎስ ተቀብዬ ወጣሁ። ሌላ ሰው ይንፋ ያሉኝ ነበሩ። አልሰማኋቸውም። በመጀመሪያው ማዕዘን ቆሜ ነፋሁ። የቅርብ ጎረቤቶቼ ወጡ፤ እነሱ ያውቃሉ። ወደ ላይኛው መንገድ ስሻገር ግን የሚወጣ ሰው አጣሁ። ቅዳሜ ማታ "የጋሼ ሞት ውሸት ነው፤ የሰርግ ፕሮግራም ነበር" የሚል ወሬ በየቤቱ ገብቷል፤ የባለቤቴ መውደቅ እዚያ አልደረሰም። አንዲት ሴት ከበረንዳዋ ሆና እየሳቀች "እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ፤ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምንድረው?" አለችኝ። አንድ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኝ ጀመር። "ወይዘሮ ሸዋዬ ተሰማ አርፋለች" ብዬ ስሟን ተናገርኩ። ሰውየው "አሪፍ ነው፤ አንዴ ይድገሙልን" አለኝ። ደገምኩለት። እስከ መጨረሻው ማዕዘን ድረስ ሄጄ ነፍቻለሁ። በዚያ መንገድ በሩን ከፍቶ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው አላየሁም። ከዚያ በኋላ እየተመለስኩ እያንዳንዱን በር አንኳኩቼ ተናገርኩ። ቀብሯ ላይ የቆመው ሰው ለማንም ሟች ከሚቆመው ያነሰ ነበር።

መርማሪው "ሆን ብለው ያደረጉት ይመስልዎታል ወይ?" ብሎ ጠይቆኛል። አይመስለኝም። የባለቤቴ ወንድም አለሙ ልጅቷ ቂም ነበራት ብለህ ተናገር ብሎኛል። ቂም አልነበራትም፤ አልናገርም። የዕድሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ሟች የቆየ ደም ግፊት ነበረባት፣ የራሷ ሕመም ነው ብለህ ለልጅቷ አቅልልላት ብለውኛል። ደም ግፊት አልነበረባትም፤ ይህንንም አልናገርም። ሩሀማ ሰኞ ከመያዟ በፊት ድንጋይ ተሸክማ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ተንበርክካ ነበር። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ተነሺ አላልኳትም፤ ሂጂም አላልኳትም። የደከማት ጊዜ ራሷ ተነሥታ ሄደች። ይቅር ብያታለሁ ብላችሁ ጻፉ የሚል ሰው ከመጣ ውሸት ነው። ትሰቀልልኝ ብሏል የሚል ከመጣም ውሸት ነው። ሕጉ የሚለውን ሕጉ ይበል።

ጥሩምባውን ዛሬ ጠዋት በኤግዚቢትነት አስረክቤያለሁ። ጉዳዩ ሲያልቅ ለእኔ እንዳይመለስልኝ። ለዕድሩም አይመለስ። ሰዉ ከእንግዲህ ሞቱን በምን እንደሚሰማ እኔ አላውቅም፤ የላይኛውም መንገድ ሰው አያውቅም።

መርማሪው ይህን ቃል ሊያነብልኝ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አንብቤዋለሁ። የተጻፈው ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ የሰማሁትን ያየሁ አስመስዬ አልተናገርኩም። ማንም አላስገደደኝም፤ ሊያባብሉኝ የሞከሩትን ከላይ አስጽፌአለሁ። ፍርድ ቤት ከፈለገኝ ይህን ወረቀት ያንብብ። ሽማግሌ ቢላክ፣ ዘመድ ቢጠይቅ፣ ልጅቷ ተፈትታ ቤቴ ብትመጣ፣ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልመልስም። ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኩት ዛሬ ነው። አፌን ዘግቻለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሰይፈሚካኤል ወንድምአገኘሁ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ምክትል ሳጅን ሰለሞን ዳንጊሶ (ፊርማ)