ጥያቄው ላይ ያሰርኩት ምልክት

በስልኬ ኮድ ተምሬ፣ ለእትዬ አስካለ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሱቅ፣ የአንኮበሩን መጋዘናቸውን «ይህ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሠራሁ። ጥያቄው ወረፋ ይዞ ይሄዳል፣ መልሱም በወረፋ ይመለሳል፤ ሻጯ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ሁለት ሻጮች እኩል ሲጠይቁ ግን የአንዷ መልስ ለሌላዋ ደረሰና ደንበኛ ፊት አፈርን። «ነገም ከደገመው መጋዘኑን እንደ ድሮው በስልኬ ደውዬ እጠይቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ እትዬ።

በማግስቱ ጠዋት የእናቴን ስንዴ ወፍጮ ቤት ሳደርስ፣ ባለወፍጮው ጆንያውን አየና «ክርህስ? ምልክት ካላሰርክበት ዱቄቱ የማን እንደሆነ በምን ልወቅ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ሮጬ ወደ ሱቁ ሄጄ ፕሮግራሙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ቁጥር አሰርኩበት፤ መልሱ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ሻጯም የራሷን ብቻ ትቀበላለች። ሁለቱ ደጋግመው እኩል ጠየቁ፣ አንድም መልስ አልተሳሳተም። እትዬ ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «የአረርቲውን ሱቄንም ጨምርበት» አሉኝ።