በቆቦ ቀትር ያቀረብኩት ክስ

በደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቼ ቆቦ አጠገብ ያለ መንደር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ሄድኩ። ሌሊቱን በሙቀት ስገላበጥ አድራለሁ። ገበሬዎቹ ግን ቀትር ላይ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተዘርረው ያንኮራፋሉ። ቅናት ይሁን አብዮተኝነት እንጃ፣ «ዛፍ ሥር የሚተኙ ሥራ ጠሎች ብዙ ናቸው» ብዬ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጻፍኩ። ያም አልበቃኝም፤ በጠራራ ፀሐይ ሄጄ ቀሰቀስኳቸውና «ሥራ እንዲህ ነው» ብዬ ዶማ አነሳሁ። አሥር ጊዜ እንኳ ሳልቆፍር ዓይኔ ጨለመ።

ተሸክመው ጥላው ሥር አስተኙኝና ውሃ አርከፈከፉብኝ። ሽማግሌው አባ ይመር፣ «አብሽር መምህር» አሉኝ። «እኛኮ በጨረቃ ተነስተን፣ ሠርተን ሠርተን ነው ፀሐይ ሲከር የምንተኛው። አንተም እስኪበርድ ጋደም በል።» ጋደም አልኩ። ሲበርድ እነሱ አዝነውልኝ ሳይቀሰቅሱኝ ወደ ማሳቸው ሄደዋል።

የቀሰቀሰኝ ሊቀመንበሩ ነው። የጻፍኩትን ወረቀት ይዞ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከእኔ በቀር የተኛ የለም። ወረቀቱን ደግሞ አነበበና፣ «መምህር፣ ብዙ ናቸው ብለህ አልነበር እንዴ የጻፍከው?» አለኝ።