ባጃጅ ላይ የተለካ ሹራብ

ጂንካ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጄን አቁሜ ተራ ስጠብቅ ሹራብ እሠራለሁ። ለማንም አይደለም፣ ለራሴ ነው። ወንድ ሆኜ ሹራብ በመሥራቴ ሾፌር ጓደኞቼ ሦስት ወር ሙሉ "አንቺ፣ ሠርጉ መቼ ነው?" እያሉ ሲስቁብኝ "ለብሼው ታዩታላችሁ" ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኋቸውም። ሁለት ጊዜ ተርትሬ እንደገና ጀመርኩት፤ በሦስተኛው አለቀ።

አንድ ጠዋት ካፊያ ሲጀምር እዚያው ወንበሬ ላይ ለበስኩት። ልክክ አለ። "ውረድና እንይህ እንጂ!" አሉኝ። ወረድኩ። ሹራቡ ግን አብሮኝ አልወረደም፤ እምብርቴ ላይ ቀረ። እጅጌው ደግሞ ጣቶቼን ውጦ ተንጠለጠለ። ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰማ።

ሹራብ ያስተማሩኝ ሽንኩርት ሻጯ እትዬ አስቴር ሳቁን ሰምተው መጡ። ጫፉን ጎተት ጎተት አድርገው "የት ሆነህ ነው የለካኸው?" አሉኝ።

"እዚሁ ባጃጁ ላይ። አጎንብሼ፣ መሪውን ይዤ።"

"ታዲያ ሹራቡ ምን አጠፋ? ተመልሰህ ግባ!"

ገባሁ። መሪውን ያዝኩ። እጅጌው አንጓዬ ላይ አረፈ፣ ወገቡም ቦታውን ያዘ።

የዚያን ቀን ከባጃጄ አልወረድኩም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ተሳፋሪ ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ "ልጄ፣ ይቺን የሙዝ ጆንያ አውርድልኝ" አሉኝ።

"እናቴ፣ ዛሬ አልችልም" አልኳቸው፣ "ሹራብ ለብሻለሁ።"