ቀለም በደጃፍ ይታያል

ሰው ከልጅነቱ ጋር የት ቦታ ፊት ለፊት እንደሚገጣጠም አያውቅም። ፈጣጣዋ የተገጣጠመችው ኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ካርቶን በተከመረበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። የሄደችው የተበላሸ የስክሪን ገመዷን ልትተካ ነበር። ገዝታ ልትወጣ ስትል አንድ ሽማግሌ አየች። ወደ ኋላ ሸሸት ብለው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስክሪኖች ይመለከታሉ። እንደዚያ ሸሽቶ፣ እንደዚያ ጨፍኖ የሚያይ ሰው ከአንድ በላይ አታውቅም።

ጋሽ መስመር ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ረስቶታል፤ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሰምሩ የወጣላቸው ስም ብቻ ነው የቀረው። የልብስ ሰፊውን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የዳቦ ቤቱን ታፔላ የጻፉት እሳቸው ናቸው። እሷንም «ፈጣጣዋ» ብለው የሰየሟት እሳቸው ናቸው። ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ከሥራ ቤታቸው ደጃፍ ተገትራ፣ ብሩሹ ከጣሳው ወጥቶ ጣውላው ላይ ሲሄድ ዐይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። «አንቺ ፈጣጣ፣ ከብርሃኔ ላይ ዞር በይ!» ይሏታል። ዞር ትልና ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። የቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ እስከ ዛሬ የትም ቢሸታት እግሯ ቀጥ ይላል።

«ዳ» እና «ቦ»ን የለየችው ከዳቦ ቤቱ ታፔላ ነው። የንድፍ ሥራም ከዚያ ደጃፍ ሌላ ትምህርት ቤት አላየችም፤ የቀረውን ከስልኳ እያየች፣ እያበላሸችና እያስተካከለች ለራሷ አስተምራዋለች። ዛሬ ቤቷ ተቀምጣ ለሱቆች አርማ፣ ለመጻሕፍት ሽፋን ትሠራለች። «የት ነው የተማርሽው?» የሚላት ሰው ግን ከመልሱ በፊት ግልምጫዋን ይቀምሳል።

«ጋሽ መስመር! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሽማግሌው የጨፈኑትን ዐይን ገለጡ። «ማነሽ? ... ፈጣጣዋ! ዐይንሽ እኮ እንደ ድሮው ነው፤ በጨው የታጠበ።»

«ምላሴም እንደ ድሮው ነው፤ ቆይተው ያዩታል። ሊገዙ ነው?»

«ተገድጄ ነው እንጂ ምኑን ወድጄ! የዳቦ ቤቷ ባለቤት ታፔላው ስላረጀ ያድሱልኝ አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹መጀመሪያ በኮምፒውተር ሠርተው በወረቀት ያሳዩኝ፤ እስከ ሰኞ ካላመጡልኝ ለማተሚያ ቤቱ እሰጠዋለሁ።›»

«በብሩሽ ጽፈው ቢሰቅሉላት አልቀበልም ትልዎታለች እንዴ?»

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ጸጸታት። ጋሽ መስመር ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቢሆንም አይታዋለች፤ ይንቀጠቀጣል።

«እጄ ከዓምና ጀምሮ ሳላዘው ይጨፍራል» አሉ፣ ሊስቁ እየሞከሩ። «ለዚህ ነው ኮምፒውተር ያልኩት። የዳቦ ቤቱ ታፔላ ካመለጠኝ ግን የሥራ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለአከራዩ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እጠብቃለሁ?»

ፈጣጣዋ ስታዝን ቁጣ ይቀናታል። «የትኛውን መረጡ ታዲያ?» አለች፣ ዕዳ እንደምትጠይቅ ሰው።

ጋሽ መስመር ከሁሉ የደመቀውን አመለከቱ። ወገቡ የጎበጠ፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ስክሪን ነው፤ የወፍ ላባ ምስል እሳት መስሎ ይነድበታል። ከጎኑ መስታወት የለበሰ፣ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ሳጥን ቆሟል።

«ይኸው። ከበሩ ሳልገባ ነው የጠራኝ። ጥሩ ታፔላስ ቢሆን የሚባለው ከሩቅ ሲጣራ አይደል?»

«ግሩም ምርጫ ነው አባባ!» አለ ሻጩ፣ ከባንኮኒው ብቅ ብሎ። «ለጌም ራሱ አንደኛ ነው።»

«ጋሽ መስመር በዚህ ዕድሜያቸው ጌም ሊጫወቱ ነው?» አለችው ፈጣጣዋ። ሻጩ ፈገግ አለ። እሷም ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ታፔላ የሚጣራው መንገደኛውን ነው። ይህ ደግሞ እርስዎ ተቀምጠው ቀለም የሚደባልቁበት ጣውላ ነው። የመደባለቂያ ጣውላዎን ቀይ ቀብተውት ያውቃሉ?»

«ምን ነክቶኝ! ቀይ ጣውላ ላይ የተደባለቀ ቀለም ማን ይለየዋል?»

«ሁሉን ነገር የሚያደምቅ ስክሪን ማለት ቀይ የተቀባ ጣውላ ነው።»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ስህተት ጋሽ መስመር ብቻቸውን አይደሉም። ስንቱ የተማረ ሰው ለሥራው ዕቃ ሊገዛ ገብቶ የሚያብለጨልጭ ተሸክሞ ይወጣል! እሳቸው እንኳ የሙያቸው ሕግ ነው ያሳታቸው፤ ሌላውን ምን እንደሚያስተው እሱ ይወቅ።

ሽማግሌው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። «ስሚ ልጄ። እኔ አንድ ጣሳና አንድ ብሩሽ ይዤ ልጆች አሳድጌአለሁ። ብሩሽ መብራት ሲጠፋ አይሞትም። ይኸው ኮምፒውተራችሁ መጣና የሰፈሩን ታፔላ ሁሉ የመንታ ልጆች ፊት አስመሰለው። ድሮ የጥርስ ሐኪሙን ታፔላ ስታዪ ‹ይቺ «ጥ» የጋሽ መስመር ናት› ትዪ አልነበር?»

«እል ነበር። አሁንም እላለሁ። ግን መንታ ያደረጋቸው ኮምፒውተሩ መስሎዎት ነው? ፊደል የማያውቅ ሰው ከፊቱ ስለተቀመጠ ነው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ‹አልነካውም› ብሎ ሸሸ። ያ የሸሸው ማን ይሆን፣ ጋሽ መስመር?»

ጋሽ መስመር አገጫቸውን አሻሹ። «ምላስሽስ በእርግጥ እንደ ድሮው ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ናሙናውን ይዘዋል?»

መያዛቸውን ሳይነግሯት ታውቃለች። ጋሽ መስመር ለየደንበኛው የሚሠሩትን ቀለም ቀጭን እንጨት ላይ ቀብተው ከበሩ በላይ በሽቦ ያንጠለጥሉ ነበር። ሳይደርቅና ደጃፍ ላይ፣ በጥላ ብርሃን ሳይታይ ጣውላ የነካ ቀለም የላቸውም። ከኮት ኪሳቸው የዳቦ ቤቱን እንጨት አወጡ፤ ከምድጃ የወጣ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ቡኒ ነው።

«የዚህ እኅት እኔ ጋ አለች» አለች ፈጣጣዋ፣ ድምፅዋ ሳታዝዘው ለስለስ ብሎ። «አንድ ቀን ከበሩ አልሄድ ስልዎት ‹ይቺን ይዘሽ ጥፊ› ብለው የሰጡኝ። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ቤቴ ያስገባሁትን ስክሪን ሁሉ የፈተንኩት በሷ ነው። ኮምፒውተሩ ቀለሟን የሚጠራበትን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን እንጨቱ ላይ ተከሉ።

ፈጣጣዋ ሻጩን የመደርደሪያውን መብራት እንዲያጠፋ፣ የደመቀውንና ከጥግ የተረሳውን አንድ ደብዛዛ ስክሪን ወደ በሩ እንዲያቀርብ ለመነችው። ልመናዋ ትእዛዝ ይመስላል፤ ሻጩ ግን ደግ ልጅ ነው፣ ታዘዘ። የቡኒውን ቁጥር ነገረችው፣ ሁለቱም ስክሪኖች በአንድ ቀለም ተሞሉ። ማለት፣ አንድ መሆን ነበረባቸው።

ጋሽ መስመር እንጨታቸውን ከሚያንጸባርቀው ስክሪን አጠገብ ያዙ። ቡኒው አዲስ ሸክላ ጡብ መስሏል። ጎንበስ፣ ቀና አሉ። «ፊቴን አየሁት እንጂ ቀለሜን አላየሁትም!»

ወደ ደብዛዛው ዞሩ። እንጨቱን አስጠጉት። እንጨቱ የት እንዳለቀና ስክሪኑ የት እንደጀመረ መለየት አቃታቸው። ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ወደ ግራ ሄዱ፤ ሸሸት ብለው አንድ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ቀለሙ አልተለወጠም።

«የኔው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በጣቴ ጫፍ ጥቁር የጨመርኩበት ... የኔው ቡኒ ነው።»

«ደጃፍ ላይ አይደል ያየነው?» አለች ፈጣጣዋ። «ሕጉን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ይሁን፣ በስክሪኑ ተረታሁ። ሳጥኑስ? ያ መብራቱ ለምንም አይረዳም?»

«ሰርግ ቤት ያደምቃል። እርስዎ የሚፈልጉት ሆዱን ነው። ራም የሚሉት የሥራ ጠረጴዛዎ ስፋት ነው፤ ከጠበበ ሥራው ይተፋፈናል፣ ስለዚህ አሥራ ስድስት ጊጋ ይሁን፤ ኋላ የሚጨመርበት ክፍት ቦታም ይኑረው። ኤስ ኤስ ዲ የሚሉት ፈጣን ማስቀመጫ ደግሞ መደርደሪያዎ ነው፤ የፈለጉትን ጣሳ ሳይጎትቱ ያነሳሉ። ለጌም የሚሆነውን ውድ የግራፊክስ ካርድ ፊደል አይጠይቅዎትም። መብራት ሲጠፋ ሥራዎን ለማስቀመጥ ፋታ የሚሰጥ የባትሪ ሳጥንም ይያዙ፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩና ብሩሽዎ ይታረቃሉ።»

«ላፕቶፕ ይሻላል የሚሉኝም አሉ።»

«እሱ ለሚዞር ሰው ነው። እርስዎ ከቤት ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ወዴት እሄዳለሁ፣ ወደ መቃብር ካልሆነ።»

«እዚያ ደግሞ ሶኬት የለም።»

ጋሽ መስመር ሳቁ። ሻጩም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እጄስ? ይህ ሁሉ ሆኖ እጄ ያው ነው።»

ፈጣጣዋ ቀልዷን ዋጠች። «በትልቅ ወረቀት፣ በብሩሽዎ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይጻፉ። ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብተን የተንሻፈፈውን ጠርዝ እያጎላን፣ ነጥብ በነጥብ እየሳብን እናቃናዋለን። ጋሽ መስመር፣ ቀለም ይደርቃል፤ ሰው አይጠብቅም። ይህ ዕቃ ግን ይጠብቅዎታል። ዛሬ እጅዎ እምቢ ካለ ነገ ይመለሳሉ። መስመሩ እንዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው ዐይንዎ ነው፤ ዐይንዎ ደግሞ ሲጨፍር አላየሁም።»

ደብዛዛው ስክሪንና መብራት የሌለው ሳጥን በዚያው ቀን ተገዝተው ተጫኑ።

ዕቃው የሄደው መስኮት ወደሌለው የሥራ ቤት ሳይሆን ወደ ጋሽ መስመር መኖሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። እሳቸው ስክሪኑ መስኮቱን ፊት ለፊት እንዲያይ ፈለጉ፤ «ብርሃን ይጥገብ» አሉ። እሷ ጠረጴዛውን ጎትታ መስኮቱን ወደ ጎን አደረገችው፤ ብርሃኑ ስክሪኑን ሳይመታ በእጃቸው ያለውን እንጨት እንዲያገኘው። የስክሪኑን ድምቀትም ወረቀት እስኪመስል ቀነሰችው። ለማታ ሲባል ቀለሙን ወደ ቢጫ የሚያዞረውን ማስተካከያ አጠፋችው። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ ድረስ ሽማግሌው ጻፉ፣ እሷ አስገባች፣ አብረው አቃኑ። «ዳ»ን ስትስብ «እግሯን ተዪያት፣ ትንሽ ታንክስ፤ እንደዚያ ነው የወለድኳት» ይሏታል።

ሰኞ የዳቦ ቤቷ ባለቤት የታተመውን ወረቀት ደጃፍ ላይ አውጥታ ከአሮጌው ታፔላ ጋር አስተያየችው። አሮጌው በፀሐይ ነጥቷል። «ይህ እኮ እናቴ በሕይወት ሳለች የነበረው ነው» አለች። ማተሚያ ቤቱን ያነሳው ሰው አልነበረም።

የሥራ ቤቱ ቁልፍ ለአከራዩ አልተመለሰም። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ጥርስ ሐኪሙ መጣ። ደንበኛው በወረቀት ያየው ቀለም ታፔላው ላይ ስለማይለወጥ ተሠርቶ የሚፈርስ ታፔላ ቀረ፤ ፊደሎቹም ስለተቀመጡ ጋሽ መስመር ያቺኑ «ጥ» እንደገና ሲወልዱ አያምጡም። አዲሱን ዕቃ የሚፈራ ሁሉ የድሮውን የሚያስጥለው ይመስለዋል። ለሥራው ብሎ፣ በሥራው ሚዛን መዝኖ የገዛ ሰው ግን የድሮውን ይዞ ይሻገራል። ሊገዛ የሚሄድ ሁሉ ታዲያ የራሱን እንጨት ኪሱ ይክተት፤ የሱቁን መብራት አስጠፍቶ ደጃፍ ላይ ይይ።

አንድ ቀን ጠዋት ፈጣጣዋ ልትጠይቃቸው መኖሪያ ቤታቸው ገባች። ጋሽ መስመር አዲስ ቀለም የተቀባ እንጨት ከስክሪኑ አጠገብ ይዘው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። እጃቸው ይጨፍራል፤ ግድ አልሰጣቸውም። እሷም ሳታስበው መስኮቱ ላይ ተገትራ ታያቸው ጀመር። እንጨቱ ላይ ጥላ ወደቀ።

«አንቺ ፈጣጣ!» አሉ ዘወር ሳይሉ። «ከብርሃኔ ላይ ዞር በይ!»

ዞር አለች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች።