አፌ ያስበላኝ ዳማ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ፀሐይ እየሞቀ ጋዜጣውን ያነብ ነበር፣ በቃ። እኔ ግን ዳማ አለኝ። እዚሁ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔው ከማርቆስ ደጃፍ፣ ባህር ዛፉ ሥር፣ በቆርኪ ነው የምንጫወተው። እና ደንባችን ምን መሰላችሁ? ያሸነፈ የዕለቱን ራዲዮ ይይዛል! ማርቆስ ካሸነፈ ኳስ ነው፣ የእንግሊዝ ኳስ፤ ሰውዬው "ገባ! ገባ! ኧረ አልገባም!" እያለ ሲጮህብን ይውላል። እኔ ካሸነፍኩ መሰንቆ ነው፣ ባቲ፣ ትዝታ።

ታዲያ ቤትዎ ለምን አያዳምጡም ትሉኝ ይሆናል። ቤትማ ራዲዮ ሞልቷል። አያታችሁ ካረፈች ወዲህ ግን ትዝታን ብቻዬን መስማት አልችልም፣ ያስለቅሰኛል። ከሰው ጋር ስሰማው እሷም አጠገቤ የተቀመጠች ይመስለኛል፣ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ማሸነፍ አለብኝ፣ ገባችሁ?

ማሸነፉ ነዋ የጠፋው! ዕድሜ ልኬን አስተማሪ ነበርኩ አይደል፣ ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ማለት አላውቅም። ማርቆስ ጣቱን ቆርኪው ላይ ያደርጋል፤ ያቺን ካንቀሳቀሰ አለቀለት፣ ሁለት በልቼ እነግሣለሁ። እና እኔ ምን እላለሁ? "ተው ማርቆስ! ቆይ፣ እስቲ ደግመህ አስብ!" እሱም ያስባል፣ ያስባል፣ ያስባል፣ "እንዴ! እውነትህን ነው!" ይልና ሌላውን ገፍቶ የኔን ጠራርጎ ይበላል። "የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ!" ከዚያ ኳስ። ክረምት ከበጋ ኳስ!

ታዲያ በቀደም ዕለት መንጋጋዬን አሞኝ ጥርሴን አስነቀልኩ። ሐኪሙ አፌን በጥጥ ጠቅጥቆ "አባባ፣ እስኪመሽ እንዳይናገሩ" አለኝ፣ እኔ ደግሞ ከዚያው ቀጥ ብዬ ወደ ዳማዬ። ማርቆስ ጣቱን ቆርኪው ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

"እህ መምህሬ፣ ይቺን ላንሳ?"

ጥጡን ነከስኩ።

"ላነሳት ነው እኮ!"

ልነግረው ነው፣ አላስቻለኝም፤ "እምምም! እምምም!" ብዬ እጄን አወራጨሁ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ሕመሙ ጠናብህ" አለና አነሳት! በላሁ፣ ነገሥኩ፣ አሸነፍኩ! ራዲዮውን ያዝኩ፣ መሰንቆው ጀመረ። ማርቆስ ድምፁን ከፍ አደረገልኝ። እና እኔ ከአያታችሁ ጋር እንደለመድኩት ላንጎራጉር አፌን ብከፍት፣ ጥጡ! እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ።

በማግስቱማ ጥጡ ወጣ፣ አፌም ተመለሰ፣ ኳሱም ተመለሰ።

— ታዲያ አባባ፣ ስንት ጥርስ ቀረዎት? አለች ታሪኩን ስታዳምጥ የቆየችው የልጅ ልጃቸው።

— ምነው? ለምን ጠየቅሽ?

— አይ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ብናስነቅልዎትስ ብዬ ነው።