በሐዘን ቤት ሳቅ

ባለፈው ጥቅምት አዳማ መናኸሪያ ውስጥ የወንጂ ሚኒባስ ስጠብቅ አቶ ጫምሳን አገኘኋቸው። የተማሪዬ የኑኃሚን አያት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሸንኮራ እርሻ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው። ኑኃሚን እናቷ ከሞተችባት ያኔ ስድስት ወር ሆኗት ነበር፤ የምትኖረውም ከእሳቸው ጋር ነው።

"አካም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት፣ መምህር? እንኳን አገኘሁዎ። ይህን ጉድ ይዩልኝ" አሉና የያዙትን ፌስታል ከፈቱት። ውስጡ ለወጣቶች የሚታተሙ፣ በሥዕል የሚተረኩ የቀልድ መጽሔቶች ነበሩ።

"ለኑኃሚን ለሸጠላት ሰው ልመልስ መጥቼ ሱቁን ዝግ አገኘሁት። ቤት ወስጄ አቃጥላቸዋለሁ።"

"ምን አጠፉ?"

"እናቷ አፈር ለብሳ ልጅቷ ይህን ይዛ ትስቃለች! 'የጫምሳ የልጅ ልጅ እናቷን በስድስት ወር ረሳች' እየተባለ ነው። እኔ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ጥርሴ አልታየም። እሷ ግን…"

እንዲህ ያለ ሐዘን ፊት መከራከር ይከብዳል። ልጅ ያለ ጥፋቷ ሲፈረድባት ዝም ማለት ደግሞ ከአስተማሪ አይጠበቅም።

"ይፍቀዱልኝ፣ አቶ ጫምሳ። ኑኃሚን ከቀብሩ በኋላ ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም። ስጠራት ቀና እንኳ አትልም ነበር። ድምፅዋን መልሼ የሰማሁት ከእነዚህ አንዱን ለጓደኛዋ ስታነብላት ነው።"

"ታዲያ ቁም ነገር አታነብም? ቀልድ ምን ያስተምራል?"

"አንዱን ላንብብልዎትና ይፍረዱ።"

ፌስታሉ ውስጥ እጄን ብሰድ የወጣው በእርሳስ የተሣለ ደብተር ነበር፤ የራሷ የኑኃሚን ሥራ። ገልጬ አነበብኩላቸው። አንዲት ሴት ለበዓል የገዛችው አውራ ዶሮ ከባጃጅ ያመልጣታል። አንድ ጫማዋ ወልቆ እየጮኸች ትሮጣለች፤ ባለባጃጁ ይከተላታል፤ ጎረቤቱም ይከተላል። ዶሮው በመጨረሻ ደጃፍ ላይ የተኙ ሽማግሌ ራስ ላይ ያርፋል። ሰፈሩን በጩኸት ያናወጠችው ሴት ያኔ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ቀስ በሉ፣ አባቴ ተኝቷል!" ትላለች።

አቶ ጫምሳ ሳያስቡት ሳቁ። ወዲያው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ፤ ሳቃቸው ልቅሶ ሆነ።

"በፋሲካ ዋዜማ በእውነት የሆነ ነገር ነው፤ የተኛሁት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ልጄ ልክ እንዲህ ነበረች። እኔ ፎቶዋን ማየት አቅቶኝ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ልጅቷ ግን በሥዕል ስታስሮጣት ኖራለች።"

"አልረሳቻትም፣ አቶ ጫምሳ።"

"ዛሬ ጠዋት ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? 'ልበ ድንጋይ' አልኳት። ሽማግሌ ልጅን ይቅርታ ይጠይቃል?"

"የበደለ ይጠይቃል።"

አብረን ተሳፈርን። እቤታቸው ደጃፍ ላይ ኑኃሚን ፌስታሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አያቷ ደብተሩን በሁለት እጃቸው አቀረቡላትና "በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ" አሏት። ተንደርድራ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ፤ ከቀብሩ ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው መሆኑን ኋላ ነገሩኝ።

ዛሬ ኑኃሚን ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች፤ የድርሰት ውጤቷም ተሻሽሏል። የትምህርት ቤታችን ልጆች ፈርተው የማይናገሩትን ሁሉ በሥዕልና በቀልድ አድርገው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ እኛ መምህራን ስለ ልጆቻችን ብዙ ያወቅነው ከዚያ ነው። ልጅ የሚያነበውን ከመቀማት በፊት አብሮ አንብቦ መመርመር ይሻላል።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤት ከእነ አቶ ጫምሳ ቤት ሳቅ ሰምታ "ሐዘኑ ወጣላችሁ?" ብትላቸው እንዲህ መለሱላት፦

"አልወጣም፣ እህቴ። አሁን ግን የልጄን ስም ሳንፈራ እየጠራን ነው።"