የልጄ ድምፅ ምን ይላል?

ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት በታክሲ ስንሄድ፣ በእኔና በአንዲት ወጣት መሀል የተቀመጡት እናት ስልካቸውን ለወጣቷ አቀበሏት።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ ልጄ?»

«እሞክራለሁ ማዘር።»

«የልጄ ክፍል ዌብሳይት ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ነው የከፈተላቸው። ቤት ሆነው ድምፃቸውን እየቀዱ ይጭኑበታል አሉ። ለወላጅም ላኩልን።»

«ጥሩ ነዋ! ከክፍል ውጪም ይለማመዳሉ።»

«ምኑ ነው ጥሩው? በር ዘግታ ለብቻዋ ስታወራ ነው የምታመሸው። እኔ ስገባ ጸጥ! ከማን ጋር እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እስቲ የምትለውን ስሚልኝ።»

ወጣቷ ከፈተችው። የልጅቷ ድምፅ ለእኔም በደንብ ይሰማኝ ነበር።

«የቤት ሥራ ነው ማዘር። ስለ ቤተሰባችሁ ተናገሩ ተብለው ነው።»

«ስለ እኔ አወራች?»

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«እ... ማለቴ... ‹እናቴ ስለ እኔ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ባለሱቁን ትጠይቃለች፣ እኔን ግን አትጠይቀኝም› ነው የምትለው።»

«ውሸቷን ነው! እኔ ደግሞ ማንን ጠይቄ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ለምን ራሷን አያናግሯትም?»

«እሷማ መቼ እውነቱን ትነግረኛለች!»

ስልካቸውን ተቀበሉ። ወጣቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተስ የኔ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ትችላለህ? ይቺ ልጅ በትክክል የነገረችኝ አልመሰለኝም።»

የልጅቷን እንግሊዝኛ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ የሰማሁት እኔ፣ ራሴን በአሉታ ነቅንቄ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።